ከጉድጓድ ሲወጣ የሚድነው መሣሪያ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ሪጉ፣ ማለትም የጉድጓድ መቆፈሪያው ማማ፣ ላይ ያለ ባልደረባዬ ነበር። «መሣሪያው ዝም አለ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ገብቶኛል።

ቦታው ሄይንስቪል ይባላል። በምሥራቅ ቴክሳስና በሰሜን ምዕራብ ሉዊዚያና የተዘረጋ የጋዝ መስክ ነው። ጋዙን የያዘው ድንጋይ ከ3 ሺህ ሜትር በታች ነው የሚገኘው፤ አንዳንድ ቦታ 4 ሺህ ያልፋል። ቁፋሮው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ይታጠፍና በአግድም ይሄዳል። ድንጋዩን የሚፈጨው የቧንቧው ጫፍ፣ ጥርሱ፣ ወዴት እያመራ እንደሆነ የሚነግረን ከጥርሱ ከፍ ብሎ ቧንቧው ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ነው። ኤም ደብሊው ዲ እንለዋለን፤ እየቆፈሩ መለካት ማለት ነው። እስከ ላይ የሚደርስ ሽቦ የለውም። የሚናገረው በጭቃ ነው። በቧንቧው ውስጥ ወደ ታች የሚገፋውን የቁፋሮ ጭቃ በትንሽ ቫልቭ ጠበብ ለቀቅ ያደርገዋል። የግፊቱ ምት እስከ ላይ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ምቱን ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። በሴኮንድ ጥቂት ቢት ብቻ ነው የሚልከው። ያም ሆኖ ያለ እሱ ቁፋሮው ዕውር ነው።

ዝም ካለ ምርጫ የለም። ያ ሁሉ ቧንቧ ሦስት ሦስቱ አንድ ላይ እየተፈታ መውጣት አለበት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሲብስም ከዚያ ያልፋል። ከዚያ ሌላ መሣሪያ ይገባና ያው ቧንቧ ተመልሶ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሜትር አይቆፈርም፤ የሪጉ ሂሳብ ግን ይቆጥራል።

መሣሪያው በሦስተኛው ቀን ሂዩስተን ወዳለው ወርክሾፓችን መጣ። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ኃይል ሰጠሁት። ሠራ። ሁሉም ሴንሰር ትክክል ያነባል፤ ቫልቩ በሰዓቱ ይመታል። አንድ ሰዓት አቆየሁት፤ ምንም የለም። ቅጹ ላይ «ችግር አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩና ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ጉድጓድ ወረደ። በተመሳሳይ ጥልቀት ዝም አለ።

ያቺን «ችግር አልተገኘም» የምትል መስመር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ይህን የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ ራዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ሂዩስተን ስመጣ እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ውስጥ ጀመርኩ። ማታ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ኤሌክትሮኒክስ ተማርኩ። ከዚያ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ መሣሪያ የሚጠግን ወርክሾፕ ቀጠረኝ። ከ10 ዓመት በላይ ሆነኝ። እዚህ ያሉ ልጆችም፣ አገር ቤት ያሉ ተማሪዎችም ይጠይቁኛል፤ «የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ያው ቦርድ ነው፤ የጉድጓዱ በምን ይለያል?» ይሉኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔም ስገባ እንደዚያው ነበር የማስበው።

መሬት ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ትሞቃለች። በብዙ ቦታ በየኪሎሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትጨምራለች። ሄይንስቪል ከዚህም ይብሳል። ታች 150 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው፤ በጣም የሚሞቁት ወደ 190 ይጠጋሉ። ግፊቱ ከ10 ሺህ ፒኤስአይ ይበልጣል። የቤት መኪና ጎማ የምንነፋው በ32 ወይም በ35 ፒኤስአይ ነው፤ እሱን አስቡና ልዩነቱን ገምቱ። በዚህ ላይ ንዝረቱ አለ፤ ጭቃው አለ፤ አንዳንድ ጉድጓድ ደግሞ መዳብን የሚያጠቁር፣ ሰውንም የሚገድል የሰልፈር ጋዝ ያወጣል።

አሁን ከሱቅ የምንገዛውን ዕቃ እንይ። ተራው የንግድ ቺፕ እስከ 70 ዲግሪ፣ ለፋብሪካ የሚሆነው እስከ 85፣ ለወታደር የሚሠራው እስከ 125 ዲግሪ ተብሎ ነው የሚሸጠው። የእኛ ሥራ የሚጀምረው የወታደሩ ካበቃበት በላይ ነው። ሲልከን ሲሞቅ ማገድ ያለበትን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ይጀምራል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚያፈሰው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሲልከኑን ከሥሩ በማያስተላልፍ ንብርብር ላይ አድርገው የሚሠሯቸው ቺፖች አሉ፤ እስከ 225 ዲግሪ ይችላሉ። ግን ዋጋቸው አይቀመስም፤ ዓይነታቸውም ጥቂት ነው። ስለዚህ አብዛኛው መሣሪያ አሁንም የሚሠራው ለ125 ዲግሪ የተሸጠን ዕቃ እየፈተኑ፣ የሚችለውን ከማይችለው እየለዩ ነው። የሚችለውም ዕድሜው ያጥራል። በእኛ ቤት ያለው የጅምላ ግምት፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ግን አንድን ቦርድ በ150 ያሠራ ሰውና በ175 ያሠራ ሰው አንድ ዓይነት ቦርድ እንዳልመለሱ ያስታውሳል።

ወደ መሣሪያዬ ልመለስ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ወርክሾፓችን ውስጥ አንድ አንጋፋ ሰው ነበሩ። የቴክሳስ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሥራ ላይ የኖሩ። ቅጹን አነበቡና «በስንት ዲግሪ ፈተንከው?» አሉኝ። «እዚሁ ጠረጴዛ ላይ» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሄደው ኦቨኑን ከፈቱልኝ።

ቦርዶቹን ከብረት ቧንቧቸው አወጣሁ። ሙቀት የሚችል ሽቦ በኦቨኑ ጎን ባለው ቀዳዳ አሳልፌ ከቴስተሩና ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘኋቸው። ከዚያ ቀስ እያልኩ አሞቅኩ። በ100 ደህና። በ125 ደህና። በ150 አርባ ደቂቃ አቆየሁት፤ አሁንም ደህና። ልቤ «ቦርዱ ንጹሕ ነው» ማለት ጀምሮ ነበር። 158 ላይ የአንዱ ሴንሰር ቁጥር ሁለት ጊዜ ዘለለ። ወዲያው ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ኦቨኑን አጥፍቼ በሩን ገርበብ አደረግኩት። ወደ 140 ሲወርድ መሣሪያው ራሱን ቀስቅሶ ሥራውን ቀጠለ። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ቀንና ሌሊት ቧንቧ ሲፈቱ ያደሩት ልጆች ታወሱኝ።

ችግሩ የትኛው ቦርድ ላይ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ፈጀ። የቦርዱን ሩብ ሩብ በትኩስ አየር ማሞቅ፣ ከዚያ በማቀዝቀዣ ስፕሬይ ነጥብ ነጥቡን ማብረድ ነው ዘዴው። መጨረሻ ላይ ከትልቁ ኮኔክተር አጠገብ አንዲት ቀዳዳ ላይ ደረስን። ከቦርዱ አንዱ ፊት ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ የምታሻግር፣ ውስጧ በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳ ናት። በዓይን ስትታይ ምንም የላትም። ቴስተሩም ሲበርድ «ተያይዛለች» ይላል።

አንጋፋው ሰውዬ ቦርዱን እዚያ ጋ እንድቆርጠው ነገሩኝ። የተቆረጠውን ቁራጭ ግልጽ ሙጫ ውስጥ አቆምነው። ሙጫው ሲደርቅ በአሸዋ ወረቀት ፈጨሁት፤ ከሻካራው ወደ ልስልሱ። መጨረሻ ላይ እንደ መስታወት እስኪያበራ ወለወልኩት። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባው ቀዳዳዋ ለሁለት ተከፍላ በጎን ትታያለች። የመዳቡ ግድግዳ ወርቃማና ቀጥ ያለ ነው። ወገቡ ላይ ግን ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ። ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦርድ ሲሞቅ በውፍረቱም ያብጣል። በውፍረቱ በኩል መዳብ ከሚለጠጠው ሦስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። መሣሪያው በወረደና በወጣ ቁጥር ቦርዱ መዳቡን ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ አጥፎ የበጠሰ ሰው ይገባዋል። አንድ ቀን መዳቡ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይገጥማል። ጉድጓድ ውስጥ የሚሞት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚድን መሣሪያ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው። ሙቀት ውስጥ የተበላሸን ዕቃ ሙቀት ውስጥ ሳትፈትኑ «ደህና ነው» ብላችሁ አትፈርሙ። ታች ስንት ዲግሪ እንደነበረ መሣሪያው ራሱ ይመዘግባል፤ ሜሞሪውን መጀመሪያ አንብቡ። በዚያው ዲግሪ፣ በዚያው ቆይታ ፈትኑት። ብትችሉ እየነዘራችሁ። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ቅጹ ላይ እስከ ስንት ዲግሪና ለስንት ሰዓት እንደፈተናችሁት ጻፉ፤ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው የቱ እንዳልተፈተነ ይወቅ።

ሁለተኛው ነገር የወጣው ከዚያው ቦርድ ነው። ታሪኩን ስንፈልግ ታሪክ አልነበረውም። የመሣሪያው ቁጥር ተመዝግቧል፤ የቦርዱ ግን አልተመዘገበም። ቦርዱ ከአንዱ መሣሪያ ተነቅሎ ሌላው ላይ፣ ከሌላው ደግሞ ሦስተኛው ላይ ሲገባ ኖሯል። ስንት ጊዜ ወርዶ ስንት ጊዜ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቦርድ ካርድ አወጣንለት። የትኛው ጉድጓድ ገባ፣ ከፍተኛው ሙቀት ስንት ነበር፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ምን ተነካበት። አሁን በኮምፒውተር ነው፤ ያኔ ወረቀት ነበር። ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ከሆናችሁ ደብተርም ይበቃል። ሰው የሕክምና ካርድ እንዳለው ቦርድም ይኑረው።

ብየዳ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከራዲዮ ጥገና የምንመጣ ሰዎች እጃችን የለመደው እዚህ ላይ ያሳስተናል።

አገር ቤት የምናውቀው ሊድ የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ ነው። በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ለራዲዮ ከበቂ በላይ ነው። ለ175 ዲግሪ ጉድጓድ ግን በቅልጠቱና በሥራው መካከል ያለው 8 ዲግሪ ብቻ ነው። ባይፈስም ጉልበት የለውም፤ ትንሽ ንዝረት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። እርሳስ የሌለው አዲሱ ዓይነት 217 ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ለመካከለኛ ሙቀት እንጠቀምበታለን። በጣም ለሚሞቀው ከመቶ ዘጠና ሦስት በላዩ እርሳስ የሆነ፣ 300 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ አለ። ለመበየድ ከባድ ነው። አያብለጨልጭም፤ ጥሩው ብየዳ ራሱ ደብዛዛና ግራጫ ይሆናል። አዲስ ሰው «ቀዝቃዛ ብየዳ ነው፤ በደንብ አልቀለጠም» ብሎ ደጋግሞ ያሞቀዋል፤ ቦርዱን ያቃጥላል።

ዋናው አደጋ ግን መቀላቀል ነው። የዕቃው እግር ከፋብሪካ ሲመጣ በተለመደው ቆርቆሮና እርሳስ ተነክሮ ሊሆን ይችላል። ያንን ሳታራግፉ በ300 ዲግሪው ሊድ ብትበይዱት ሁለቱ ይዋሃዱና ብየዳው ውስጥ በ180 አካባቢ የሚቀልጥ ክፍል ይፈጠራል። ላዩ የ300፣ ውስጡ የ180 ነው። ከላይ አይታወቅም። ስለዚህ እግሩን አስቀድማችሁ በትክክለኛው ሊድ አጥባችሁ አራግፉት። የመበየጃውን ጫፍ ለየብቻ አድርጉ። እኔ ጫፎቹ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ቀብቻለሁ፤ ቀዩ ከ300ው ሌላ አይነካም። ጓደኞቼ መጀመሪያ አጋነንክ አሉኝ። አሁን እነሱም ቀብተዋል።

ሽታም ተማሩ። አንድ ጊዜ የመሣሪያውን ክዳን ፈትቼ ስስበው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ። ለሰላጣ የሚሆነው፣ ያው ኮምጣጤ። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች እግራቸው ላይ አረንጓዴ አውጥተዋል። አንድ ሰው ሽቦ እንዳይንቀሳቀስ ብሎ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ተጠቅሞ ኖሯል። ያ ዓይነቱ ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቅቃል። ክፍት ቦታ ላይ ሽታው በኖ ይጠፋል። በጎማ ቀለበት፣ በኦሪንግ፣ የታሸገ ብረት ውስጥ፣ በ150 ዲግሪ፣ የት ይሄዳል? መዳቡን ይበላል። ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የተሠራ፣ አሲድ የማይለቅ ሲሊኮን አለ። እሱን ብቻ ተጠቀሙ። ደርቆ ሳያበቃም አትዝጉት።

እርጥበትም ያው ነው። የሂዩስተንን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አየሩን ጨምቀህ ውሃ የምታወጣ ይመስልሃል። በዚያ አየር ውስጥ መሣሪያ ስንዘጋ እርጥበቱን አብረን እንዘጋለን። ጉድጓድ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ሲወጣ ቦርዱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ ቦርዱን ከመዝጋታችን በፊት ኦቨን ውስጥ እናደርቀዋለን፤ ውስጡን በደረቅ ናይትሮጅን እናጥባለን፤ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት እናስገባለን። ከረጢቱ አዲስ ይሁን። ከአሮጌ መሣሪያ የወጣውን መልሶ የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ፤ ጠጥቶ የጠገበ ከረጢት ምንም አይመጥም። ይልቁን ሲሞቅ የጠጣውን ይተፋል።

ኦሪንግን በተመለከተ አጭር ነው። አንዴ ታች ወርዶ የወጣ ኦሪንግ ደህና ቢመስልም አይመለስም። ጋዝ በግፊት ጎማው ውስጥ ይሰርጋል፤ መሣሪያው ሲወጣ ግፊቱ ሲለቅ ከውስጥ ያፈነዳዋል። ትናንሽ አረፋና ስንጥቅ ታያላችሁ፤ አንዳንዴም አታዩም። የአንድ ኦሪንግ ዋጋ ከምሳ ያነሰ ነው።

ስለ ንዝረት ደግሞ ይህን ልበል። ቧንቧው ኪሎ ሜትሮች ስለሚረዝም ይጠማዘዛል። ጥርሱ ድንጋይ ይዞት ለአፍታ ይቆማል፤ ከላይ ግን እየዞረ ነው። ከዚያ ሲለቀቅ ከወትሮው በእጥፍና ከዚያ በላይ ፍጥነት ይሽከረከራል። በዚህ መሀል መሣሪያው የሚያገኘው ምት ከመሬት ስበት በመቶዎች እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከመልቲሜትር ባትሪ የማይበልጥ ካፓሲተር በሁለት እግሩ ብቻ ቆሞ ይህን አይችልም። ከባድ ዕቃን ሁሉ ከቦርዱ ጋር አጣብቁ። ሽቦ ትንሽ ዘና ይበል፤ ግን አይወዛወዝ። ቡሎን ስታጠብቁ በእጅ ስሜት አትመኑ፤ የጥብቀት ልክ የሚያሳየውን ቁልፍ ተጠቀሙ።

አሁን የሚመጣውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ሕይወት ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ በሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ ባትሪ ነው የሚሠሩት። ኃይሉ ብዙ ነው፤ ሙቀት ይችላል። ግን ሊቲየም በ180.5 ዲግሪ ይቀልጣል። ተራው የሊቲየም ባትሪ ከዚህ ካለፈ ሊፈነዳ ይችላል። ለ150 የተሠራ አለ፣ ለ165 የተሠራ አለ፤ ሊቲየሙን ከማግኒዚየም ጋር ቀላቅለው ከዚያ በላይ እንዲችል ያደረጉትም አለ። ሁሉም ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አታስገቡ። እንደገና አይሞላም፤ ቻርጅ ለማድረግ መሞከር ቦምብ መሥራት ነው። አይከፈትም፣ አይበሳም፣ ላዩ ላይ አይበየድም።

አንድ ቀን ጠዋት ከመስክ የመጣ የባትሪ ቧንቧ ተረከብን። ሞርሳ ላይ አስሬ ክዳኑን ለመፍታት ስጀምር ክሩ ከበደኝ። መሽከርከር ያለበት አይሽከረከርም። ጉልበት ልጨምር ስል እጄን ያዙኝ፤ እነዚያው አንጋፋ ሰው ናቸው። ክዳኑን በጣታቸው አሳዩኝ። መሀሉ ጎበጥ ብሏል። ውስጡ ያለው ባትሪ አብጦ ክዳኑን እየገፋ ነው። ሁላችንም ወጣን። ለዚህ ጉዳይ የሠለጠኑ ሰዎች መጥተው በርቀት መቆጣጠሪያ ፈቱት። ያን ቀን ጉልበት ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ የሚሄደው ወደ ደረቴ ነበር። ከመስክ የመጣ ባትሪ ቧንቧ ክዳኑ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም አልፈታም ካለ ተዉት። ራቁ። ከክዳኑ ፊት ለፊት በጭራሽ አትቁሙ፤ ደህና የሚመስለውን ስትፈቱም ቢሆን በጎን ቁሙ።

ሌላም አንድ ጠባይ አለው። መደርደሪያ ላይ ሲቆይ ሊቲየሙ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ጥሩ ነው፤ ባትሪው በራሱ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል። ግን መሣሪያው ድንገት ኃይል ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወድቃል፤ መሣሪያው አልነሳም ይላል። ባትሪውን የሞተ መስሏቸው የጣሉ አሉ። አምራቹ በሚያዘው ልክ ለጥቂት ጊዜ በጭነት ማሠራት ሽፋኑን ያነሳዋል። ይህን ከመውረዱ በፊት ላይ ሳላችሁ አድርጉት።

ሪጉ ላይ ለምትሠሩም አንድ ነገር አለኝ። «መሣሪያው ለ175 ነው፣ ጉድጓዱ 170 ነው፣ እንግዲህ ምን ችግር አለ» ሲባል እሰማለሁ። ጭቃው ሲዘዋወር መሣሪያውን ያቀዘቅዘዋል፤ ፓምፑ ሲቆም ድንጋዩ ያሞቀዋል። ስለዚህ መሣሪያው የሚሰቃየው ሲቆፈር ብቻ አይደለም። ቧንቧው ሲወርድም ነው፤ ያኔ ጭቃው ቆሟል። ዝም ብላችሁ እስከ ታች አታውርዱት። ሙቀቱ ሲጨምር በየመሀሉ ቁሙና ጭቃ አዘዋውሩ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አይታችሁ ቀጥሉ። ላይ የጭቃ ማቀዝቀዣ ማሽን ካለ ከመጀመሪያው ይብራ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ የሪጉ አለቃ ፊቱን ያጠቁራል። እኔ ግን ደጋግሜ ያየሁት፣ በመውረድ ላይ አንድ ሰዓት የቆጠበ ቡድን በመውጣት ላይ አንድ ቀን ሲከፍል ነው።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህ የሩቅ አገር ነገር አይምሰላችሁ። በላንጋኖና በዝዋይ ሐይቆች መካከል ያለው አሉቶ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ስምንት የእንፋሎት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ጥልቁ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ተለክቷል። ሄይንስቪል ከእሱ ይጠልቃል፤ አሉቶ ግን ከሄይንስቪል ከ100 ዲግሪ በላይ ይበልጥ ይሞቃል። እዚያ ሲልከን ራቁቱን አይገባም።

እንዲህ ባለ ጉድጓድ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኤሌክትሮኒክሱን ፔርሙዝ ውስጥ ማስገባት ነው። የቡናው ፔርሙዝ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ ሁለት ግድግዳ፣ መሀሉ አየር አልባ። ልዩነቱ እዚህ የምንከለክለው ሙቀት እንዳይገባ ነው። ግን ለሰዓታት ነው የሚችለው፤ ቦርዱ ራሱ የሚያወጣው ሙቀትም ተዘግቶበት ይቀራል። ስለዚህ ሰዓት ይዞ ማውረድ፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ማውጣት ነው። ለልኬት ይሆናል፤ ቀናት ለሚፈጅ ቁፋሮ አይሆንም። ሌላው መንገድ ኤሌክትሮኒክስን ጭራሽ መተው ነው። በእንፋሎት ጉድጓድ ሥራ ለብዙ ዓመታት ሙቀትና ግፊት የተለካው እንደ ግድግዳ ሰዓት በሚጠመዘዝ መካኒካል መሣሪያ ነው፤ ስፕሪንጉ ሰዓቱን ያዞራል፣ መርፌዋ በቀጭን ብረት ወረቀት ላይ ትጭራለች። ቺፕ የለው፣ ባትሪ የለው። እንዲህ ያለ አሮጌ መሣሪያ በየመጋዘኑ ብታገኙ እንደ ቅርስ አትዩት። ፍቱት፣ አጽዱት፣ ተማሩበት። ዲጂታሉ የሰጣችሁን ቁጥር የምታመሳክሩበት ሁለተኛ ምስክር ይሆናችኋል።

ባለፈው ወር ወርክሾፓችን ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ ተቀጠረ። ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። አንድ ቦርድ ይዞልኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ በ160 ስድስት ሰዓት አለፈ። ንጹሕ ነው። ግን ካርዱ ላይ እንዲሠራ የተፈቀደለት ሰዓት ሞልቷል ይላል።»

«ስንት ጊዜ ወርዷል?» አልኩት።

ካርዱን አነበበልኝ። ሦስቱ ሄይንስቪል ነበሩ። ቦርዱን ተቀብዬ ብርሃኑ ላይ አየሁት። በእርግጥ ያምራል፤ ብየዳው ንጹሕ ነው፤ አንድ የተቃጠለ ነገር የለውም። ያቺ ስንጥቅ ያየኋት ቦርድም እንዲሁ ታምር ነበር።

«ቀዩን ምልክት ለጥፍበትና ለማሠልጠኛው ሳጥን ስጠው» አልኩት። «ነገ አብረን ቆርጠን ቀዳዳዎቹን ማይክሮስኮፕ ሥር እናያቸዋለን።»

ምልክቱን ለጠፈበት። ካርዱን ከመመለሱ በፊት ቀኑን ጻፈበት፤ ፈረመም።